ከራስ ጠጉር እስከ ጉልበት

ይህቺ ልጅ ምን ረስታ ነው የወደቀችው? ከሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ይህንን ጥያቄ ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ሳመላልሰው ሁለት ቀን ሞላኝ። መልስ አጣሁለት። ራሷን ብጠይቃት «አንድ ነገር ረሳሁ» አለችና ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ሳበችው። «ምኑን?» ስላት ጨርሳ ተሸፈነች።

ልጅቷ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጅ ሆና ነው እኔ ዘንድ የቀረችው። አሁን ቁመቷ ጉበኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሚጢጢ ነው የምላት። የነርስነት ተማሪ ናት፣ ሁለተኛ ዓመት። የወደቀችው ፈተና ደግሞ ቁጭ ተብሎ የሚጻፍ ዓይነት አይደለም። አንድ ሰው አልጋ ላይ ያስተኙና መምህሯ ወረቀት ይዛ ጥግ ትቆማለች። ተማሪዋ ያንን ሰው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ትመረምራለች። ዓርብ ጠዋት አንድ ዕድል ቀርቷታል። እሱን ከሳተች ዓመቱን ትደግማለች።

እኔን ያሳበደኝ ምን መሰላችሁ? ሁለት ወር ሙሉ የተለማመደችው እኮ በእኔው ገላ ላይ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሁለት ወር ግን ጉበት በየት በኩል እንደሚቀመጥ፣ የልብ ምት ከየትኛው የጎድን አጥንት መካከል እንደሚሰማ አውቄ ቁጭ አልኩ። እኔ ካወቅሁ እሷ እንዴት ይጠፋታል?

ልምምዱ እንዲህ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ሳሎን ረዥሙ ሶፋ ላይ እጋደማለሁ። እሷ እጇን ትታጠባለች፣ ጋውኗን ትለብሳለች፣ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ በሩን ታንኳኳለች። በገዛ ቤቷ!

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምመረምርዎ ተማሪ ነርስ ነኝ። ስምዎን ይንገሩኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ የእኔ ስም ጠፍቶብሽ ነው?»

«እማማ፣ አሁን ታካሚ ነሽ። ታካሚ ይመልሳል እንጂ አይጨቃጨቅም።»

«ታካሚ አይጨቃጨቅም ያለሽ ማነው? የታመመ ሰው አይተሽም አታውቂ።»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ይቺን ጥያቄ እፈራታለሁ። ለካ የሰውዬው አእምሮ በቦታው መኖሩን የሚያዩት በዚህ ነው። መጀመሪያ ቀን ቁጥሩ ጠፍቶብኝ «ሐሙስ» አልኳት፤ ማክሰኞ ነበር። በዚያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ የቀን መቁጠሪያውን ከጓዳ አውጥቼ ከሶፋው ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ሚጢጢ ዞር ብላ አየችውና «ኩረጃ ነው ይሄ» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ዓይን። «ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ ጣቴን ይከተሉ።» የኪስ ባትሪዋን ታበራብኛለች። ምላሴን ታያለች። ከኋላዬ ቆማ ጆሮዬ ላይ ታንሾካሹካለች። ውሃ አስጎንጭታ አንገቴ ላይ ጣቷን አሳርፋ አዋዋጤን ትከታተላለች። ከዚያ ጀርባዬ ላይ መዳፏን ታሳርፍና «አርባ አራት ይበሉ» ትላለች። ድምፁ በጀርባ በኩል እንዴት እንደሚነዝር ለማወቅ ነው አሉ። እጇን ባዛወረች ቁጥር እኔ «አርባ አራት» ማለት ነው።

ከበራችን አጠገብ አንድ ጫማ ሰፊ አለ፤ መስኮታችን ሥር ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን አንገቱን በመስኮት አስግጎ፣

«እትዬ፣ ምኑን ቢቆጥሩት ነው ሁልጊዜ አርባ አራት የሚሆንብዎት?» አለኝ።

«የአንተን ጠጉር ነው» አልኩት። ራሱ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ሰው ነው።

«ታዲያ አርባ ሦስቱን ከየት አመጡት?» ብሎ ሳቀ።

ልቤን ስታዳምጥ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እንዴት ዝም ይባላል? ሰው ቤትሽን ሲፈትሽ አንድ ነገር ማለት የለብሽም?

«ምን አለሽ ልቤ?»

«ዝም በይ አለሽ።»

ሆድ ላይ ስትደርስ ወጉ ይለወጣል። ሌላው ቦታ ላይ ተዳስሶ ነው የሚደመጠው፤ ሆድ ግን መጀመሪያ በዓይን ይታያል፣ ቀጥሎ ይደመጣል፣ እጅ የሚያርፍበት በመጨረሻ ነው። ቀድመው ከነካኩት አንጀት ይረበሽና የውሸት ድምፅ ያሰማል። ይህንን ስትነግረኝ በጣም ገረመኝ። ስንቱን ሰው ነው ሳንሰማው ቀድመን የምንነካካው፣ ብዬ ብዙ አሰብኩ።

ከዚያ ጉልበት። በመዳፏ ጠርዝ መታ ስታደርገው እግሬ ሳላዘው ይወረወራል። ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ሳቁ ሳያልቅ እኔ ቀልጠፍ ብዬ እነሣለሁ። አንድ ቀን ድስት ጥጄአለሁ እላለሁ። አንድ ቀን በር ተንኳኳ። አንድ ቀን እግሬን በረደኝ፣ በቃ። ሁለት ወር ሙሉ ምርመራችን ከጉልበት በታች ወርዶ አያውቅም።

እንግዲህ የራሴንም ልናገር። እግሬ ያብጣል። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። አምስት ወር ሆነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እስከ ባቴ ስቤ ከረምኩ። ለልጄ ብነግራት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ለሚጢጢ ብነግራት ትምህርቷን ትታ እግሬ ሥር ቁጭ ትላለች፤ አውቃታለሁ። ምስጢሩን የሚያውቅ ጫማ ሰፊው ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም ያንኑ አንድ ጥቁር ጫማ ሁለቴ እንጨት ከትቶ አስፍቶልኛል። በሁለተኛው ጊዜ «እትዬ፣ ጫማው ነው የሚጠበው ወይስ እግሩ ነው የሚያድገው?» አለኝ። «አፍህን ዝጋና እንጨትህን ክተት» አልኩት።

ሮብ ጠዋት ሚጢጢ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ጋውኗን ላጥብላት አነሣሁ። ልብስ ሳይታጠብ በፊት ኪስ ይፈተሻል፤ ይሄ የሰው ምስጢር መሰለል አይደለም። ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። መነጽሬን አደረግሁ። የመምህሯ ወረቀት ነው። ራስ፣ ትክክል። ዓይን፣ ትክክል። ሳንባ፣ ልብ፣ ሆድ፣ ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል። ጉልበት፣ ትክክል። ከዚያ በታች፦

እግር፦ አልታየም።
የእግር የደም ሥር ትርታ፦ አልተዳሰሰም።
እብጠት፦ አልተፈተሸም።
የእግር ጣቶችና ጥፍሮች፦ አልታዩም።

ግርጌው ላይ በቀይ ተጽፏል። «ታካሚዋ እግር የላትም?»

እዚያው የልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሚጢጢ ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ ስትወጣ ወረቀቱን እጄ ላይ አየችው። ትቆጣለች ስል እሷም አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ታውቂያለሽ እማማ፣ እጄ ራሱ ነው የቆመው። እኔ አላዘዝኩትም። ጉልበታቸውን መታ አደረግሁ፣ እግራቸው ተወረወረ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ ‘አመሰግናለሁ፣ ጨርሻለሁ’ ብዬ አንሶላውን አለበስኳቸው። መምህሯ ዝም ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ እጄን እየታጠብኩ ነው።»

«እ... ሰው ይረሳል እኮ።»

«ግማሽ ሰው ይረሳል?»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ‘ልጄ፣ ያስረሳሁሽ እኔ ነኝ’ ልላት ነበር። ግን ዓርብ አጠገብ ናት። እግሬን ካየችው ፈተናው ከአእምሮዋ ብን ብሎ ይጠፋል። ካላየችው ደግሞ እጇ ጉልበት ላይ መቆሙን አይተውም። ቢያሳዩ እሳት፣ ቢደብቁ ረመጥ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መላ አገኘሁ። ሌላ ገላ! ወደ መስኮቱ ሄጄ፣

«ስማ እስቲ፣ እግር አለህ?» አልኩት ጫማ ሰፊውን።

«እስከ ትናንት ማታ ነበረኝ እትዬ፤ ምነው?»

«ግባና ተኛ። ሚጢጢ ትመርምርህ።»

መርፌውን ሽርጡ ላይ ሰክቶ ገባ። ጫማ የሚሠራ ሰው ጫማው የተቀደደ ነው፤ ያንን አውልቆ ሶፋዬ ላይ ተዘረጋ። የማጣበቂያው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሚጢጢ አንኳኩታ ገባች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ተማሪ ነርስ ነኝ...»

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር!»

«ነርስ ነኝ አልኩ እኮ ጋሼ።»

«እሺ ዶክተር።»

እስከ ሆዱ ድረስ እንደ ምንም ተጓዘች። ጀርባው ላይ «አርባ አራት» ሲል በጣም ጮኾ አለውና ውጭ ጫማውን የሚጠብቅ ደንበኛ በመስኮት ብቅ ብሎ አየ። ጉልበቱን መታ አደረገች። ተወረወረ። እኔ ከጥግ ሆኜ «ቀጥዪ! ቀጥዪ! ወደ ታች!» እላለሁ፤ ልክ ሩጫ እንደሚያይ ሰው። እጇ ወደ እግሩ ወረደ። ሰውየው ግን መኮርኮር አይችልም ኖሯል። ገና የውስጥ እግሩን ስትነካው እንደ ዓሣ ተስፈነጠረ።

«በሕግ አምላክ! እእእ! ተይ ልጄ!»

«ጋሼ ዝም ብለህ ተኛ፣ ትርታህን ልያዝ!»

«ኧረ እኔ አልችልም!» እንባውን እየጠረገ ተነሥቶ ቁጭ አለ። «ደግሞስ የእኔ እግር ምን ያደርግልሻል? ድንጋይ ነው። የሚታይ እግርማ የእትዬ እግር ነው፤ ይኸው ጫማቸውን ሁለቴ አስፍቼ አሁንም...»

እዚህ ላይ ቆመ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ደርሰው ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሚጢጢ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ካልሲዬን አየች።

«ጋሼ፣ ተነሥልኝ» አለች። «እማማ፣ ይቀመጡ።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወጣች። እጇን ስትታጠብ ውሃው ሲወርድ ሰማሁ። በሩን አንኳኳች።

«ጤና ይስጥልኝ። የምመረምርዎ ተማሪ ነርስ ነኝ።»

«ሚጢጢዬ፣ እግሩን ብቻ አይተሽ ተይኝ...»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

እኔ ቀጥታ ወደ እግሬ ትወርዳለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ከራስ ጠጉሬ ጀመረች። ዓይን፣ ጆሮ፣ ምላስ። አንገቴ ላይ ያለውን የደም ሥር ከጎን ሆና ብዙ ጊዜ አየችው። ሳንባዬን ከላይ እስከ ታች አዳመጠችው። አንድም ቀልድ የለ፣ አንድም ሳቅ የለ። ልክ ጥርስ ለማስነቀል ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቅኋት። ጫማ ሰፊው መውጣት አፍሮ መቀመጥም አፍሮ በር ላይ ቆሟል።

«ሌሊት ስንት ትራስ ነው የሚንተራሱት?»

«አንድ።»

«ሁለት ነው። እኔ ነኝ የማነጥፈው። ሲሄዱ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ውሃ ይዘው ሲመጡ ታዲያ በሩ ላይ የሚቆሙት ለምንድን ነው?»

«አበባውን ለማየት ነዋ።»

«በራችን ላይ አበባ የለም።»

ጫማ ሰፊው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ አየና «እውነቷን ነው» አለ።

«አንተ ዝም በል!»

ጉልበቴን መታ አደረገች። ተወረወረ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ እጇ፣ ያ የቆመው እጇ፣ ጉልበቴን አልፎ ወረደ። ካልሲውን ጠቅልላ አወለቀችው። ላስቲኩ ባቴ ላይ ሰምበር አውጥቷል። በአውራ ጣቷ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብላ አጥንቴ ላይ ጫነችና በከንፈሯ እስከ አምስት ቆጠረች። ጣቷን ስታነሣ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ። ሌላኛውንም እንዲሁ። እንደዚሁ ጎደጎደ። የጫማ ሰፊውን ሜትር ተቀብላ ሁለቱንም ባቴን ለካች፤ እኩል ናቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈት እያደረገች አየች። ከእግሬ ጀርባ ላይ ትርታዬን ስትፈልግ ቆይታ አገኘችው።

«አለ?» አልኳት።

«አለ።» ጣቷን ግን አላነሣችም። «እማማ፣ ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

«እኔ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ከጉልበት በታች ሰው እንደሌለ ነው የተማርኩት።»

እንዲህ ስትል አንገቴን ደፋሁ። እኔ ልጠብቃት ብዬ፣ በገዛ ካልሲዬ እጇን አስሬ ፈተና ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ።

«ምንድን ነው ታዲያ በሽታው?»

«ስሙን የሚሰጠው ሐኪም ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ነገ ፈተና ነው!»

«ፈተናው ይቅር።»

ይኸው፣ ያልኩት አልቀረም! ከዚያ በኋላ የተነሣውን ጭቅጭቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። እሷ አንቺ ሳትታዪ አልፈተንም አለች። እኔ አንቺ ሳትፈተኚ አልታይም አልኩ። እሷ እልኸኛ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም። በመጨረሻ ጫማ ሰፊው ነው ያስታረቀን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እሱ ልክ ነው። አምስት ወር የቆየ እግር ግን ግማሽ ቀን ይጠብቃል። ዶክተር ጠዋት ትፈተን፣ ከሰዓት በኋላ እትዬ ይታዩ። እኔ እወስዳቸዋለሁ።»

ሚጢጢ ደረቴ ያመኝ እንደሆነ፣ ተኝቼ ትንፋሽ ያጣሁ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቴም እውነቱን ነገርኳት፤ የለም። ሌሊት አንድ ነገር ቢሰማኝ እንድቀሰቅሳት አስማለችኝ። ከዚያ፣

«ሰበብ ብታመጪስ?» አለችኝ።

«ሰበብ ካመጣሁ ካልሲዬን ሁሉ አቃጥዪው።»

ዓርብ ጠዋት ነጭ ጋውኗን ለብሳ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መኪና ተጠንቀቂ፣ ውሃ ጠጪ፣ አትቸኩዪ፣ ደግሞ ከጉልበት በታች ሰው አለ! እያልኩ ጥግ እስክትዞር ጮኽኩ። ከዚያ ያው ቤት ውስጥ መንቆራጠጥ ሆነ። ሰዓቱን አየሁ። ድስት ጣድኩ፣ አወረድኩ። የቀን መቁጠሪያውን አቃናሁ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ተከፈተ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀመጠች። መነጽሬን ፈለግሁ፤ ዓይኔ ላይ ነው። ራስ፣ ትክክል። ዘለልኩት፣ ዘለልኩት። እግር፣ ትክክል። ትርታ፣ ትክክል። እብጠት፣ ትክክል። ጣቶችና ጥፍሮች፣ ትክክል። ግርጌው ላይ ያው ቀይ ቀለም፦ «አልፈሻል። ቀጣይ ጊዜ ግን የታካሚዋን እግር ቶሎ መልሽላት።»

«ሃያ ደቂቃ እግራቸው ላይ ቆየሁ» አለች፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች። «ሴትዮዋ እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

አቅፌ ሳምኳት፣ አለቀስኩ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። አቅፋኝ ቆየችና ለቀቀችኝ። ጋውኗን አላወለቀችም። ሄዳ ጥቁር ጫማዬን አምጥታ፣ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው አላልታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። አጠገቡ ትናንት ያየችውን ሁሉ የጻፈችበትን ወረቀት አኖረች፤ ከራስ እስከ ጥፍር አንድ መስመር አልጎደለውም።

«ምሳ እንብላ መጀመሪያ» አልኳት።

ምሳ በሳህን ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ተመልሰን እንበላለን አለች።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስላል።»

ጫማ ሰፊው ከመስኮቱ ሥር ዣንጥላ ከፍቶ ዘጋ።

«ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«እኔ» አለ ጫማ ሰፊው፤ «ዶክተር ከመጣች እሷ ትውሰድዎት።»

አራተኛ ሰበብ ፍለጋ አፌን ከፈትኩ። ሁልጊዜ ከዚህ በር ሳልወጣ በፊት ውሃውን ዝጊ፣ እሳቱን አጥፊ፣ በሩን ቆልፊ የምል ሰው ነኝ። የልጅቷ ዓይን ካልሲዬ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ አወለቅሁት፣ ጠቅልዬ እጇ ላይ አኖርኩት። ባዶ እግሬን በሰፋው ጫማ ውስጥ አስገባሁና ወረቀቱን ጡቶቼ መካከል ሸጎጥኩት።

አንድም ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ።